የፋቂዋ ጥቁር ሰሌዳ

«ፋቂ» የሚለውን ስድብ የሰማሁት ከገዛ ባሌ አፍ ነው። በአገራችን ፋቂ የሚባለው ቆዳ የሚያለፋ ሰው ነው፤ አብሮት አይበላም፣ ልጁ አይጋባም፣ ዓይኑ ያረፈበት ሕፃን ታመመ ይባላል። ባሌ መጀመሪያ ሲለኝ አለቀስኩ። ሲደጋግመው ዝም አልኩ። የኋላ ኋላ ግን፣ አንድ ቀን ጠዋት ገና ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ «አዎ፣ ፋቂ ነኝ! ምን ያመጣሉ?» አልኩት። በእኔ በኩል ትዳራችን ያን ጠዋት አለቀ፤ እሱ ግን አልገባውም ነበር።

የሚገርመው፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲፍቅ ኖሮ ማንም ፋቂ ብሎት አያውቅም። ለቤተ ክርስቲያን ብራና ነበር የሚያዘጋጀው። የፍየል ቆዳ ይዘፈዝፋል፣ እንጨት ላይ ይወጥራል፣ ጠጉሩንና ሥጋውን በቢላዋ ይፍቃል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃል፤ ካህናቱ መጥተው ይቀበሉትና መርቀውት ይሄዳሉ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስፍቅ ነው ያደግሁት። ያው ቆዳ ነው፣ ያው ቢላዋ ነው። እሱ ሲፍቅ በረከት፣ እኔ ስፍቅ ነውር! ኧረ ተዉኝ እባካችሁ።

ደጋን በምትባል የገበያ መንደር ያገባሁት ሰው ክፉ ነበር ብዬ አልዋሽም። መሬት ነበረው፣ ፍየሎች ነበሩት፣ እጁንም አንስቶብኝ አያውቅም። ፍየል በታረደ ቁጥር ቆዳውን እኔ እወስድና እፍቃለሁ፤ ብራናው ለቀሚስ ጥልፍ ያገለግለኝ ነበር። ሐረግ እስልበትና መስመሩን እየተከተልኩ በወስፌ እበሳሳዋለሁ። ከዚያ ቆዳውን ቀሚሱ ላይ አንጥፌ፣ በስስ ጨርቅ የቋጠርኩትን የከሰል ዱቄት ላዩ ላይ መታ መታ ሳደርግበት፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ሐረጉን በነጠብጣብ ጨርቁ ላይ ያስቀምጠዋል። ቆዳው ይነሳል፤ ሴትየዋ ነጠብጣቡን ተከትላ ትጠልፋለች። በማግስቱ ሌላዋ ስትመጣ ያው ቆዳ ለእሷም ይሠራል። የሰፈሩ ሴቶች «ወንፊት» አሉት፤ ዱቄት ስለሚያሾልክ ነው። እኔም ወንፊት አልኩት።

ባሌ በመጀመሪያ ምንም አላለም። በኋላ ገበያ ላይ አንዱ ቀልደኛ «ሚስትህ ቆዳ ትፍቃለች አሉ፤ እኔም አንድ በሬ ነበረኝ» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቱ አልፈታ አለ። «ሰው ፋቂ አገባ እያለኝ ነው» ይላል። «ሰው የሚልዎትን ይሰማሉ ወይስ እኔን?» እለዋለሁ። «ሰው የሚለኝን» ይላል፤ እውነተኛ ሰው ነው እንግዲህ፣ አይዋሽም።

አንድ የገበያ ቀን አህያውን ሊጭን ሲል አየሁት። የአህያው ጀርባ እንዳይላጥ ብሎ ከጭነቱ ስር ያነጠፈው ነገር ዓይኔን ሳበው። ጠጋ ብዬ ባይ የእኔ ወንፊት ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ስለፋበት የከረምኩት፣ ገና አንድ ቀሚስ እንኳ ያልሠራሁበት። አልጮህኩም። ቤት ገብቼ የቀሩትን ወንፊቶች ጠቅልዬ በነጠላዬ አሰርኩና ወጣሁ። በጓሮም አልዞርኩም፤ ደጋን ገበያ መሃል ለመሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። «ወዴት ነው?» ያለኝን ሁሉ «ወደ ደሴ» አልኩት።

ጣልያን ደሴ ከገባ ያን ጊዜ ዓመት አልፎት ነበር። አገር በባዕድ እጅ ወድቃ ይቺ ስለ ፍየል ቆዳ ታወራለች የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አወራለሁ። ስለ አገሩ የሚያወራ ሞልቷል፤ ስለ ፍየል ቆዳዬ የሚያወራ ግን ከእኔ በቀር የለም።

ደሴ ጠጅ ቤት የነበራት አክስቴ ዘንድ አረፍኩ። በዚያ ሰሞን የሚሸጥ ሁሉ የሚሸጠውንና ዋጋውን በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ ደጁ ላይ ይስቀል ተብሎ ነበር። ከሳንዱቅ እንጨት የተሠራ ሰሌዳ ጥቀርሻ በሙጫ ተለውሶ ይቀባል፤ ከዚያ ፊደል የሚችል ሰው በጠመኔ ይጽፍበታል። ከተማው በአንድ ጊዜ ጥቁር በጥቁር ሆነ። የአክስቴም ሰሌዳ ደጃችን ላይ ተሰቀለ፤ አንድ ቀን ሳየው አስጠላኝ። ኀዘን የገባበት ቤት ይመስላል። ወንፊቴን አወጣሁና በከሰሉ ፈንታ ጠመኔ ወቅጬ ቋጠርኩ፤ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ አድርጌ ዳር ዳሩን መታ መታ አደረግሁ። ቆዳውን ሳነሳው ነጭ ሐረግ ሰሌዳውን ከብቦት ወጣ! አክስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ «አበስኩ ገበርኩ! ይሄ ከየት መጣ?» አለች።

ቀስ በቀስ ለሰሌዳ የሚሆነውን አወቅሁበት። የወስፌ ቀዳዳ ለጨርቅ እንጂ ለሰሌዳ አይበቃም፤ ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ሐረጉን በቢላዋ እየቆረጥኩ አወጣሁት። ቢጫ ሲያምረኝ እርድ ከጠመኔው ጋር እቀላቅላለሁ። ዝናብ ያጠበውን ሰሌዳ በማግስቱ ጠዋት ሄጄ፣ ሴትየዋ ደጇን ጠርጋ ሳትጨርስ እንደ አዲስ አወጣዋለሁ። ከመምህር ገደል ስር እስከ ላይ ፒያሳ ድረስ ሴቶቹ ይጠሩኝ ጀመር። አንዷ ለቤቷ ያሠራችውን ጎረቤቷ ሳታሠራ አታድርም፤ ይህን ያወቀች ሴት ሥራ አታጣም። እኔም በራሴ እጅ በልቼ ማደር ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ!

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የደጋን መልእክት አልቀረም። ባሌ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ቀለሟ ተለወጠ።

«እቴ፣ ሽማግሌ አይረገጥም» አለችኝ። «ተመለሽ ካሉሽ ትመለሻለሽ። እኔም አላስቀምጥሽም፤ ሽማግሌ የረገጠች ሴት አስጠግታ ተብዬ እድር ልወጣ ነው?»

«ባልመለስስ?»

«የትም ቤት አትገቢም። ማን ያስገባሻል?»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ እምቢ ያለች ሴት ደጅ ሁሉ ይዘጋባታል፤ ሰሌዳውም አብሮ ይዘጋል። ያን ሰሞን አንዱን ሰሌዳ ሁለት ሦስቴ እያጠፋሁ እሠራ ነበር። ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄም ነው። ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ የእኔን ነገር ሊቆርጥ!

እንዲህ ባለሁበት ሰሞን ነው ከኮምቦልቻ የተጠራሁት። አንዲት ሙስሊም ሴት በመንገዱ ዳር፣ መኪኖች በሚቆሙበት፣ ሻይ ቤት ከፍታ ነበር። ሰው ቁመት የሚያህል ሰሌዳ አሠርታለች። ሐረጉ ዳር ዳሩን እንዲዞርና መሃሉ ላይ ትልቅ ብራድ እንዲወጣላት ፈለገች። ብራድ የምንለው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ነው። «ሾፌሩ ፊደል ባያውቅ ብራዱን አይቶ ይቆማል» አለችኝ፤ አነጋገሯ ደስ አለኝ። በቀረችኝ ሰፊ ቆዳ ላይ ብራዱን ቀረጽኩ። አፉ በግራ፣ እጀታው በቀኝ፣ ሆዱ ላይ ጽጌረዳ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ።

ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ልጀምር ስል ነው የመጡት። ባሌ ከፊት ነው። ኮምቦልቻ ከደጋን ሩቅ አይደለም፤ እዚህ መሆኔን ሾፌሮች ነግረውታል። ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛው ሠርጋችን ላይ የመረቁን፣ ዘንግ የያዙ ክርስቲያን አዛውንት ናቸው። ሌላኛው ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሸህ ናቸው። ወሎ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ካልተቀመጠበት ሽምግልና ሽምግልና አይባልም፤ ሁለቱ ሲስማሙ ደግሞ መውጫ የለውም። ባለሻይ ቤቷ አግዳሚ ወንበር አወጣችላቸው። ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ልንመልስሽ ነው የመጣን» አሉ ዘንግ የያዙት።

«ያክብርልኝ፣ አባቴ፤ አልመለስም።»

«ምን አደረገሽ?»

«ወንፊቴን ከአህያ ጭነት ስር አነጠፈው።»

ሸሁ ከት ብለው ሊስቁ ሲሉ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሌላኛው ግን ተቆጡ። «ለቁራጭ ቆዳ ብለሽ ትዳር ታፈርሻለሽ?»

«አዎን፣ አፈርሳለሁ» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ባሌ ይህን ይጠብቅ ኖሯል። ብድግ አለ። «አባቶቼ፣ ይቺ ሴት ያጠገባት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያ ቆዳ ነው። ያንን ቆዳ ይዛ ነው የምትንቀባረር። ቆዳው ደግሞ የማን ፍየል ቆዳ ነው? ካላመናችሁ ራሷን ጠይቋት!»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። «ፍየሎቹ የሁለታችን ነበሩ። ቆዳውን የፋቅሁት፣ የሳልኩት፣ የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ቆዳው የሁለታቸው ነው እንግዲህ» አሉ ሸሁ።

«ድርሻዬን ስጡኝ!» አለ ባሌ። «ያለ እሱ ስንት ቀን እንደምትቆይ አያለሁ።»

ነገሩ ገባኝ። ወንፊቶቼን ከነጠቀኝ በርሃብ ራሴ ተመልሼ እሄዳለሁ ብሎ ነው። ዘንግ የያዙት አዛውንት ወንፊቶቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና «በሉ፣ ግማሾቹን አንተ ውሰድ፣ ግማሾቹ ለእሷ ይሁኑ» አሉ።

«የለም! በእያንዳንዱ ላይ ድርሻ አለኝ። እያንዳንዱ ከመሃል ይሰንጠቅ። ግማሽ ለእኔ፣ ግማሽ ለእሷ!»

ባለሻይ ቤቷ «ያ ረቢ! ይሄን የመሰለ ነገር ይቀደዳል?» ብላ ጮኸች። እኔ ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ በንዴት ነው። እንዲያየው ግን አልፈለግሁም፣ ዞር ብዬ በክንዴ ጠረግሁት።

አዛውንቱ ዘንጋቸውን መሬት ተከሉና ባሌን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ መካፈል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ንዴትህ ይብረድና ነገ ብንነጋገርበትስ?»

«ዛሬ! አሁን!»

«ሸህዬ፣ ሰምተውታል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሸሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ያን አስተያየት ሳይ ነው አንድ ነገር ድንገት ያቃጨለብኝ። እናቴና አባቴ ያጋቡኝ ቀን ከብቱ ተቆጥሮ በአንድ በረት ገባ፤ ጋብቻው ያ ነው። ጋብቻ ሲፈርስም የሚፈርሰው ያው በረት ለሁለት ሲከፈል ነው። ሽማግሌ ሊያስታርቅ የመጣ ዕለት ስለ ንብረት አይነሳም፤ ስለ ንብረት ከተነሳ እርቅ የለም። ይህን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባሌም ያውቀዋል። ንዴቱ ግን ዓይኑን ጋርዶታል። ከንፈሬን ነከስኩ። አንዲት ቃል ብናገር ይነቃል።

«እታለም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ ሸሁ።

«ይሰንጠቅ» አልኩ።

«ቢላዋ ስጡኝ!» አለ ባሌ።

ባለሻይ ቤቷ አልሰጥም አለች። እኔ ራሴ ከጓዳዋ ገብቼ አመጣሁና በእጀታው በኩል አቀበልኩት። ሐረጎቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ከመሃል ሰነጠቃቸው። የመጨረሻው ብራዱ ነበር፤ እሱን ሲሰነጥቅ ልቤ አብሮ ተቀደደ። የጽጌረዳው ግማሽ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ሄደ። እሱ እጀታ ያለበትን ወሰደ፣ አፍ ያለበት ለእኔ ቀረ።

ድርሻውን ጠቅልሎ ብብቱ ስር ሸጎጠና «በይ አሁን ነጠላሽን ልበሺ፤ እንሂድ» አለኝ። ድምፁ እንኳ ለስልሶ ነበር።

«ወዴት?» አሉ አዛውንቱ።

«ወደ ቤቷ ነዋ!»

«የትኛው ቤቷ?»

«ደጋን! የእኔ ቤት!»

«ልጄ» አሉ አዛውንቱ፣ «ጠየቅሁህ፤ አውቃለሁ አልከኝ። ነገ ይሁን አልኩህ፤ አሁን አልከኝ። በፊታችን ተካፈልክ። የተካፈለ ሰው ሚስት የለውም።»

ባሌ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ። «እኔ እኮ ልመልሳት ነው የመጣሁት!»

«ታዲያ ቢላዋ ስጡኝ ያለው ማነው?» አሉ ሸሁ። «ወላሂ፣ በሽምግልና ስቀመጥ ኖሬ ሚስቱን ሊመልስ መጥቶ ንብረት ተካፍሎ የሚሄድ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

«ቀልድ ነው! ለማስፈራራት ነው! እሷም ታውቃለች! ንገሪያቸው እንጂ!»

ባል ሆኖ ሳለ አንቱ ነበር የምለው። «አንተ ራስህ ነው የቆረጥከው» አልኩት። ጎንበስ ብዬ የደረሱኝን ግማሾች ሰበሰብኩ። ደስ እንዳለኝ ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

ባሌ ግን እጅ አልሰጠም። «መልካም!» አለ። «ተፋታን! እስቲ በተቀዳደደ ቆዳ ስትኖሪ አያለሁ። ሰሌዳሽን ሥሪው እንግዲህ! በምን ትሠሪዋለሽ?»

እኔም አላውቅም ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው። ግን ሰሌዳው ተደግፎ ይጠብቀኛል፣ ሴትየዋ ቆማለች፣ ሽማግሌዎቹም ገና አልተነሱም። በባዶ እጄ ከማለቅስ እየሠራሁ ባፍር ይሻላል ብዬ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ዳበስኩና ግማሹን ሐረግ አነሳሁ። በግራ በኩል ለጥፌ መታ መታ አደረግሁ። ግማሽ ሐረግ ወጣ። ቆዳውን አነሳሁትና በእጄ ይዤ አየሁት። ፊቱን ጠረግሁ። ገለበጥኩት። የሐረጉ ግራ ከቀኙ ጋር አንድ ነው፤ አባቴ ያስተማረኝ ሐረግ ሁሉ እንዲያ ነው። የተገለበጠውን በቀኝ በኩል ገጠምኩትና መታ መታ አደረግሁ።

ሙሉ ሐረግ ወጣ። ስንጥቁ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ አይታወቅም።

«ማሻአላህ!» አለች ባለሻይ ቤቷ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ላዩን፣ ታቹን፣ ዳሩን፤ እየጠረግሁ እየገለበጥኩ ዞርኩት። ሽማግሌዎቹ ሻያቸው ቀዝቅዞባቸው ያዩኛል። መሃሉ ሲቀር ብራዱ ላይ ደረስኩ። አፉ በግራ ወጣ። ስገለብጠው አፉ በቀኝም ወጣ። እጀታ የለውም። ሁለት አፍ ያለው፣ ሆዱ ላይ ሙሉ ጽጌረዳ ያለበት ብራድ!

ሸሁ ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። እኔ ደንግጬ ላጠፋው እርጥቡን ጨርቅ ሳነሳ ባለሻይ ቤቷ እጄን ያዘችኝ። «ተይው! በአላህ ተይው! ከዚህ እስከ አሰብ እንዲህ ያለ ብራድ ያለው ሻይ ቤት የለም። ለሁለት ሾፌር በአንዴ ይቀዳል!»

ባሌ ከብብቱ ስር የራሱን ግማሽ አውጥቶ ዘረጋው። ወደ ሰሌዳው አየ፣ ወደ ቆዳው አየ። እጀታውን በጣቱ ነካው። ያኔ እንኳ አላዘንኩለትም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትንሽ አዘንኩለት። «ይሄንንስ እኔ ምን አደርገዋለሁ?» አለ፤ ማንን እንደሚጠይቅ አላውቅም።

«ድርሻህ ነው» አልኩት። «ሥራበት።»

ቆዳውን ጠቀለለና ወደ ደጋን የሚወስደውን መንገድ ብቻውን ያዘ። ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ተነሱ። ባለሻይ ቤቷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን ሰሌዳውን አነሳንና ደጁ ላይ ሰቀልነው፤ የመጀመሪያው መኪና ሲቆም እጄ ገና ከጠመኔው አልጸዳም ነበር።